ፌኖሜኖሎጂ «ምን ይሰማዎታል?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው?

የሌሊት_ተረኛ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የነርሲንግ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። የማጠናው ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመ፣ በሳምንት ሁለትም ሦስትም ቀን ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) የሚደረግላቸው ሰዎች ኑሯቸውን እንዴት እንደሚኖሩት ነው። ፕሮፖዛሌ ላይ «የጥናቱ ዲዛይን፦ ፌኖሜኖሎጂ» ብዬ ጻፍኩ። ከእኔ በፊት የተመረቁትም እንዲሁ ነበር የሚጽፉት። አማካሪዬ ግን ቃሉን በቀይ ከቦ «ይህ የፍልስፍና ዘርፍ ነው። ምን እንደሆነ በራስሽ አነጋገር አስረጂኝና ወደ ምዕራፍ ሦስት እናልፋለን» ብሎ መለሰልኝ።

ላነብ ሞከርኩ። ሁሰርል፣ ሃይደገር፣ «ወደ ነገሮቹ ራሳቸው»፣ ቅንፍ ውስጥ ማስገባት... ሦስተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። የያዝኩት ነገር ቢኖር «ሰዎችን ስለ ሁኔታቸው ምን እንደሚሰማቸው መጠየቅ» የሚል ነው። እሱ ከሆነ ከሳይኮሎጂ በምን ተለየ? ፈላስፋስ ለምን አስፈለገ? የምታውቁ ሰው በሚገባው አማርኛ ንገሩኝ፣ እግዜር ይስጣችሁ።

ሰፈርተኛው፦

ሦስተኛ ገጽ ከደረስሽማ ከብዙዎቻችን ትሻያለሽ። ቦታ ይዣለሁ።

የኔታ_ሎጂክ፦

እህቴ፣ አማካሪሽ ደግ ሰው ነው። ሌላው ቢሆን ፈርሞ ያሳልፍሽ ነበር።

«ምን ይሰማቸዋል» የሚለውን ለጊዜው ወዲያ በይውና ከዚህ ጀምሪ። ከመስኮትሽ ውጭ ሕንፃ ቆሟል እንበል። ዓይንሽ የሚያገኘው አንዱን ጎን ብቻ ነው፤ ጀርባው አይታይሽም፣ ውስጡም አይታይሽም። አንቺ ግን «የሕንፃ ፊት አየሁ» አትዪም፤ ሕንፃ ነው ያየሽው። ያልታየሽ ጀርባ እይታሽ ውስጥ በየት በኩል ገባ? ተቀምጠሽ አስበሽ አልደረስሽበትም። ዞረሽ ብትሄጂና ለፊልም ቀረጻ የቆመ፣ ከኋላ በእንጨት የተደገፈ ባዶ ግድግዳ ሆኖ ብታገኚው ግን ክው ትያለሽ። ክው ማለትሽ ጀርባውን ሳታውቂው ስትጠብቂው እንደነበር ይመሰክርብሻል።

የዚህ ፍልስፍና መሥራች ሁሰርል ዕድሜውን የፈጀው እንዲህ ባለው ነገር ላይ ነው። ሕንፃው ከምን እንደተሠራ የሚጠይቅ መሐንዲስ አለ። ሲታይ አንጎል ውስጥ ምን እንደሚካሄድ የሚጠይቅ ሐኪም አለ። ደስ አለሽ ወይ፣ ጨነቀሽ ወይ ብሎ የሚጠይቅም አለ። የፌኖሜኖሎጂ ጥያቄ ከሦስቱም ይለያል፦ አንድ ነገር «ሕንፃ» ሆኖ ለሰው ይታይ ዘንድ ልምዱ እንዴት ያለ አወቃቀር ሊኖረው ግድ ነው? ከሕንፃ ወደ ዜማ፣ ወደ ትዝታ፣ ወደ ሌላ ሰው ፊት፣ ወደ ሕመም ውሰጂው፤ ጥያቄው ያው ነው።

ሰውየው መነሻው ሒሳብ ነው። በ1859 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በሆነችው በሞራቪያ፣ ፕሮስኒትዝ ከተማ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ቪየና በሒሳብ ዶክትሬቱን ያዘ፤ በርሊን ለታላቁ የሒሳብ ሊቅ ለቫየርሽትራስ ረዳት ሆኖ ሠራ። ከዚያ ቪየና ተመልሶ ፍራንዝ ብሬንታኖን ሲሰማ ልቡ ወደ ፍልስፍና ሸፈተ። ብሬንታኖ በ1874 ያነሳው ነጥብ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፦ የአእምሮ ሥራ ሁሉ ወደ አንድ ነገር የዞረ ነው። ባዶ ማየት የለም፣ የሚታይ አለ። ባዶ መፍራት የለም፣ የሚፈራ አለ፤ የሚፈራው ነገር ጭራሽ በዓለም ላይ ባይኖር እንኳ። ይህን ኢንቴንሽናሊቲ ይሉታል። ሁሰርል ነጥቡን ተቀብሎ እስከ ጥግ ወሰደው። ንቃተ ህሊና ዕቃ የተከማቸበት ጓዳ አይደለም፤ ከመጀመሪያውም ደጅ ያለ፣ ዓለም ላይ የዋለ ነው።

ቅንፉ የመጣው ዘግይቶ፣ በ1913 በወጣው መጽሐፉ ነው። ኤፖኬ ይለዋል። ብዙ ሰው ፈላስፋው ዴካርት ሁሉን ከተጠራጠረበት ጥርጣሬ ጋር ያምታታዋል። ሁሰርል ዓለም የለም አላለም፤ ይኖር ይሆን ብሎም እንቅልፍ አላጣም። ከጠዋት እስከ ማታ ዓለም እንዳለ አምነን እንንቀሳቀሳለን። ያንን እምነት ሳንሰርዝ፣ ሳንክድ፣ ለጊዜው ሥራ አስፈትተነው እሱ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ እንየው ነው ያለው። ስለዚህ «ቅንፍ ውስጥ አስገባሁ» ሲባል «የግል አስተያየቴን ለጊዜው ተውኩ» ማለት አይደለም። አስተያየት መተውማ ማንኛውም ዳኛ ያደርገዋል።

ባይት_በባይት፦

የኔታ፣ በአክብሮት ልቃወም። ይኼ ዓይንን ጨፍኖ ወደ ውስጥ ማየት እኮ ሳይንስ ሞክሮት የጣለው ነገር ነው። ቩንት በ1879 ላይፕሲግ ላይ የሳይኮሎጂ ላብራቶሪ ከፈተ፤ ተማሪዎቹ ሰውን እያሠለጠኑ የገዛ ልምዱን እንዲዘግብ አደረጉ። መጨረሻው ምን ሆነ? ጀርመን ውስጥ ቩርትስቡርግ ያሉት «ምንም ሥዕል የሌለበት ሐሳብ አገኘን» አሉ። አሜሪካ ኮርኔል ያለው ቲችነር «የለም፣ በደንብ ስላላያችሁ ነው» አለ። ማን ትክክል እንደሆነ የሚፈርድ መሣሪያ አልነበረም። ነገሩ ተንኮታኩቶ ከውጭ የሚታየውን ባሕርይ ብቻ የሚያጠናው ቢሄቪየሪዝም መጣ። ፈላስፋው ዳንኤል ዴኔትም በ1991 መጽሐፉ ሰው ስለ ልምዱ የሚናገረውን እንደ መረጃ እንያዘው እንጂ እንደ እውነት አንቀበለው ብሏል። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። «ለእኔ እንዲህ ታየኝ» በምን ይረጋገጣል?

የኔታ_ሎጂክ፦

ጥሩ ተቃውሞ ነው፤ ግን የመታኸው ጎረቤቱን ነው።

ሁሰርል ስም ያወጣበት ሥራ፣ በ1900 እና 1901 በሁለት ጥራዝ የታተመው የሎጂክ ምርምሩ፣ የመጀመሪያው ጥራዝ በሙሉ ሎጂክን ወደ ሳይኮሎጂ የሚያወርዱትን ለመምታት የተጻፈ ነው። ሁለትና ሦስት አምስት መሆኑ ስለ ሰው ጭንቅላት የተገኘ ዜና አይደለም፤ ሰው ሁሉ ነገ ጠዋት አእምሮው ቢዛባ አምስትነቱ ንቅንቅ አይልም። እንዲህ ብሎ የተነሳ ሰው ተመልሶ «ውስጤን አይቼ ነው» ቢል ራሱን ባፈረሰ ነበር።

የሕንፃውን ምሳሌ ድገመው። ወደ ውስጥ ተመለከትክ? አልተመለከትክም። ሕንፃውን ነው ያየኸው፤ እንዴት እንደሚታይ አስተዋልክ እንጂ። ከዚያ ሁሰርል በሐሳብ መለዋወጥ የሚለው ሥራ ይመጣል። ድምፅ አስብ፤ ከፍ አድርገው፣ ዝቅ አድርገው፣ ክራር ይሁን፣ ነጎድጓድ ይሁን። ቆይታውን ግን ንሳው። አንዲት ቅጽበት እንኳ የማይቆይ ድምፅ ማሰብ ትችላለህ? ቀለም አስብ፤ ስፋቱን ንሳው። አይሆንም። ይህ አይሆንምታ ያንተ ጠባይ አይደለም፤ የቀለምና የድምፅ ነገር ነው። አንተም ሞክረው፣ ማርያም ሠፈር ያለችው አክስትህም ትሞክረው። ከቻላችሁ ሁሰርል ተሸነፈ። ማረጋገጫው ይኸው ነው።

ደካማ ጎኑን ካልጠቆምኩ ግን አድልዎ ይሆንብኛል። አንድ ነገር ማሰብ ቢያቅተኝ ነገሩ የማይቻል ሆኖ ነው ወይስ የእኔ ሐሳብ አጥሮ? ሁሰርል ለዚህ የሰጠው መልስ እኔን አያጠግበኝም። ቢሆንም ይህ ቲችነር ከወደቀበት ጉድጓድ የተለየ ጉድጓድ ነው።

ሰፈርተኛው፦

አክስቴን ጠየቅኳት። «ሥራ ፈት» ብላኛለች።

ሌቨን_የነበርኩ፦

ክሩን እያነበብኩ ነበር፤ አንድ ታሪክ ልጨምር፣ ከርዕሱ ትንሽ ይወጣል። ቤልጅየም ሌቨን ለትምህርት የሄዳችሁ አበሾች ብዙ ናችሁ፤ የሁሰርል ማኅደር እዚያ ዩኒቨርሲቲ እንዳለ ግን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ?

ሁሰርል እያሰበ የሚጽፍ ሰው ነበር። ጋቤልስበርገር በሚባል አጭር ጽሕፈት ተጽፎ የቀረው ወደ 40,000 ገጽ ይደርሳል። በኤፕሪል 1938 ፍራይቡርግ ሲሞት ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ አምስት ዓመት አልፏል፤ የአይሁድ ተወላጅ ጽሑፍ ደግሞ ለእሳት የተመቸ ነው። በዚያው ዓመት ሄርማን ቫን ብሬዳ የሚባል ወጣት ፍራንሲስካዊ ቄስ ለዶክትሬቱ ጽሑፍ ፍለጋ ፍራይቡርግ ይመጣል። ያየውን ሲያይ ምርምሩን አቆየና ወረቀቱን ማሸሽ ጀመረ። በርሊን ባለው የቤልጅየም ኤምባሲ አማካይነት፣ በማይፈተሽ የዲፕሎማት ሻንጣ ሌቨን ገባ። የሁሰርልን ባለቤት ወይዘሮ ማልቪነንንም አወጣቸው፤ ጦርነቱን በሌቨን አቅራቢያ ገዳም ውስጥ ተሸሽገው አለፉት። በ1939 የጸደይ ወራት ያንን ጽሑፍ ለማንበብ ከፓሪስ የመጣ ወጣት ፈላስፋ ነበር፤ ሞሪስ ሜርሎ-ፖንቲ ይባላል። ስለ ሰውነት የጻፈው መጽሐፍ በ1945 ሲወጣ ያነበበው ሁሉ ውስጡ ነበር።

አንድ ቄስ ባይደፍር ኖሮ ዛሬ የምንከራከርበት ግማሹ ባልኖረ።

ባይት_በባይት፦

ታሪኩ ቆንጆ ነው። እንግዲህ ናዚ ከተነሳ ዝም አልልም። የዚህ ፍልስፍና ሁለተኛ ሰው ሃይደገር አይደለም እንዴ? መምህሩን ሁሰርልን ከዩኒቨርሲቲ ያባረረ ሰውዬ! እሱን የምናነበው ምን ልንማር ነው?

ሌቨን_የነበርኩ፦

ቀኑን አስተካክለን እንናገር። የአይሁድ ተወላጆችን ከሥራ የሚያግደው፣ ፍራይቡርግ ያለችበት የባደን ግዛት ትእዛዝ የወጣው በኤፕሪል 1933 መጀመሪያ ነው፤ ሃይደገር የዩኒቨርሲቲው ሬክተር ሆኖ የተመረጠው በዚያው ወር መገባደጃ ላይ። ስለዚህ ፊርማው የእሱ አይደለም። ይህን የምለው እሱን ነጻ ላወጣ አይደለም፤ የሠራው ያለ ጭማሪም ይበቃል። በሜይ 1 ፓርቲው ውስጥ ገባ። መምህሩ ሲቀበር አልተገኘም። በ1927 «ለኤድመንድ ሁሰርል፣ በአክብሮትና በወዳጅነት» ብሎ ያሳተመው ትልቁ መጽሐፉ በ1941 እንደገና ሲታተም መታሰቢያው ገጽ ተነሥቷል። ከ2014 ጀምሮ የወጡት የግል ማስታወሻዎቹ ደግሞ አይሁድን የሚጠላ ሐሳብ በፍልስፍናው መሐል ሳይቀር እንደነበረበት አሳይተዋል።

የኔታ_ሎጂክ፦

እኔ ለተማሪዎቼ ይህን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን እነግራቸውና መጽሐፉን አብረን እንከፍታለን። ፈላስፋው ሌቪናስ ራሱ በ1928 ፍራይቡርግ ሄዶ ከሁለቱም እግር ሥር የተማረ የሊትዌኒያ አይሁዳዊ ነው። እሱ የጦር ምርኮኛ ሆኖ ሲተርፍ ቤተሰቡ አገር ቤት ተፈጀ። ከዚያ በኋላ የጻፈው ሁሉ ከሃይደገር ጋር ክርክር ነው፤ ለመከራከር ደግሞ ማንበብ ነበረበት። ኤዲት ሽታይንንም አስቡ። ዶክትሬቷን የሌላውን ሰው ስሜት እንዴት እንደምንረዳ ላይ በ1916 ሠርታ ለሁሰርል ረዳት ሆነች፤ ስለ ጊዜ ያስተማረውን ረቂቅ ያቀናበረችለት እሷ ነበረች። በ1928 ሲታተም ሽፋኑ ላይ አዘጋጅ ተብሎ የወጣው የሃይደገር ስም ነው። መነኩሲት ሆና በ1942 ኦሽዊትዝ ላይ ተገደለች። ሴት በመሆኗ ፕሮፌሰርነት ደጅ ስትጠና ሁሰርልም እንደሚገባ አላገዛትም። የዚህ ትምህርት ቤት ሰዎች ስለ «ሌላው» አብዝተው የጻፉት ያለ ነገር አይደለም።

ሲስተር_ማ፦

ወንድሞቼ፣ ጉባኤው ሞቋል፣ ባለጉዳይዋ ተረሳች።

የሌሊት_ተረኛ፣ እኔ ኳሊቴቲቭ ጥናት ላይ ብዙ የቆየሁ ነርስ ነኝ፤ ተማሪም አማክራለሁ። የኔታ የነገሩሽን ያዢ፤ ግን የእኛ ሙያ ላይ ሲመጣ ነገሩ ሌላ መንገድ ሄዷል። እኛ የምንጠቀምበት በፒትስበርግ ዱኬን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት እነ ጆርጂ ሁሰርልን ለሳይኮሎጂ ጥናት ያስማሙት፣ ኮላዚ በ1978 በሰባት ደረጃ የዘረጋው፣ ቫን ማነን በ1990 የጻፈው ነው። አብዛኛው የአገራችን ቴሲስ ኮላዚን ይጠቅስና ሥራው ላይ ቃለ መጠይቁን ኮድ አድርጎ፣ ጭብጥ አውጥቶ፣ ያበቃል። ያ መጥፎ ጥናት ነው አልልም፤ ስሙ ግን ቲማቲክ አናሊሲስ ነው። አማካሪሽ በቀይ የከበበው እሱን ይመስለኛል።

አሁን ሥራው ላይ። ቃለ መጠይቅሽን «ዲያሊሲስ ላይ ሲሆኑ ምን ይሰማዎታል?» ብለሽ ጀምረሻል መሰለኝ። ጀምረሽ ከሆነ የምታገኚው መልስ አንድ ነው፦ «ተመስገን»። ሁለተኛዋም፣ አምስተኛውም «ተመስገን፣ እሱ ያውቃል» ይሉሻል። ቴፕሽ ይሞላል፣ እጅሽ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ስለ ስሜት አትጠይቂ። «ባለፈው ከማሽኑ ከወረዱ በኋላ ቤት እስኪደርሱ የሆነውን ይንገሩኝ» በያቸው። መንገዱን ይንገሩሽ፣ ደረጃውን ይንገሩሽ፣ ማን በር እንደከፈተላቸው ይንገሩሽ።

የሌሊት_ተረኛ፦

ሲስተር፣ ቤቴ ካሜራ አስገብተሻል እንዴ? የመጀመሪያ ጥያቄዬ ቃል በቃል እሱ ነው። ለሙከራ ያናገርኳቸው ሰዎችም ቃል በቃል እሱን ነው የመለሱልኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ክፍሉ ውስጥ ስሠራ ደጋግሜ የምሰማው የውሃ ነገር ነው። የሚጠጡት ተለክቶ ስለሆነ ስለ ብርጭቆ ብዙ ያወራሉ። እንግዳ ሆነው ቤት ሲገቡ ገና ሳይቀመጡ የሚቀርብላቸው ውሃ፣ ሻይ... ይኼ በቂ ነገር ነው ወይስ ተራ ወሬ?

የኔታ_ሎጂክ፦

እሱማ ዋናው ነው! ለአማካሪሽ ይዘሽው ሂጂ።

ለአንቺ ብርጭቆ ውሃ ምን ሆኖ ይታይሻል? ጭራሽ አይታይሽም፤ ጠጥተሽ ታልፊያለሽ። ለእነሱ ብርጭቆው ራሱ ተለውጧል። የተቆጠረ፣ ከነገ ላይ የሚቀነስ፣ የቤቱን እመቤት ፊት ላለማስከፋት የሚያስጨንቅ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። ይህ «ውሃ አየሁ፣ ከዚያ ስጋት ተሰማኝ» አይደለም። መጀመሪያ ገለልተኛ ውሃ፣ ከዚያ በላዩ የተለጠፈ ስሜት የለም። ስጋቱ ብርጭቆው ላይ ነው ያለው። መጀመሪያ ላይ ስሜትን ወዲያ በይው ያልኩሽ ለዚህ ነበር። ፌኖሜኖሎጂ ዓለሙ ለሰውየው ምን ሆኖ እንደቆመ ይጽፋል፤ ሳይኮሎጂ ከፈለገ ኋላ መጥቶ ሰውየውን ይመርምር።

ሃይደገር በዚህ ላይ የጨመረው ይጠቅምሻል። አናጢ በሚሠራበት ሰዓት መዶሻውን አያየውም፤ ልቡ ምስማሩና ቤቱ ላይ ነው። መዶሻው ሲሰበር ወይም ሲከብደው ነው ዕቃ ሆኖ ፊቱ የሚደቀነው። ሰውነትም ከሞላ ጎደል እንደዚያ ነው፤ ጤነኛ ሲሆን ዝም ይላል። ኬይ ቱምስ የምትባል ፈላስፋ መልቲፕል ስክለሮሲስ ይዟት የራሷን ሕመም ከሁሰርልና ከሜርሎ-ፖንቲ ጋር እያነበበች በ1992 መጽሐፍ አውጥታለች። ደረጃ ለጤነኛ መውጫ ነው፣ ለእሷ ግን እንቅፋት ሆኖ ይታያል። ሕመም ገላ ውስጥ ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ ክፍሉ ይሰፋል፣ ርቀት ይለጠጣል።

ሲስተር_ማ፦

ፊስቱላ (ለዲያሊሲስ በቀዶ ሕክምና የተገናኘ የደም ሥር) ያለበትን ክንድ አትርሺ። ደም የሚቀዳበት ክንድ ሌት ተቀን ይርገበገባል፣ በእጅ ሲነኩት ያንዘራል። አይተኙበትም፣ ከባድ ነገር አያነሡበትም፣ ግፊት አይለካበትም። ልጅ ለማቀፍ እጃቸውን ሲዘረጉ ምን እንደሚሆን ጠይቂ። «ክንዴ» ይላሉ ወይስ «የማሽኑ ክንድ» የሚል ነገር ያመልጣቸዋል? አትምሪያቸው፣ ራሳቸው ይበሉት።

ባይት_በባይት፦

የክንዱ ነገር ይገባኛል። ግን እነ ሜርሎ-ፖንቲ ሰውነት «ያውቃል» ሲሉ አሁንም ግጥም ይመስለኛል። የሚያውቀው አንጎል ነው።

የኔታ_ሎጂክ፦

ባይት፣ አንተ ኮድ የምትጽፍ ሰው ነህ፤ ኪቦርድ ሳታይ ትጽፋለህ አይደል? ጣትህን ሳታነቃንቅ፣ ሳታይ፣ «በ»ን የምትጫነው በየትኛው እጅህ በየትኛው ጣት እንደሆነ አሁኑኑ መልስልኝ።

ባይት_በባይት፦

...

ጠረጴዛው ላይ ነካክቼ ነው ያገኘሁት። ግራ እጅ፣ ሌባ ጣት። እሺ፣ አስቂኝ ነው። ግን ይኼ ሞተር ሜሞሪ (የእንቅስቃሴ ትውስታ) ነው፤ ሳይንሱ ያውቀዋል።

የኔታ_ሎጂክ፦

ያውቀዋል፤ ማንም አልካደም። ሜርሎ-ፖንቲ በ1945 የጻፈው ይህንኑ የጽሕፈት መኪና ምሳሌ ነው፤ ፊደሉ የት እንዳለ ለመናገር ያልቻለ ሰው ጣቶቹ ያለ ስሕተት ያገኙታል። የተቆረጠ እግር ሲያም፣ ዓይነ ሥውር በበትሩ ጫፍ መንገዱን ሲዳስስ፣ ጦር ሜዳ አንጎሉ የተጎዳ ሽናይደር የሚባል ሕመምተኛ ትንኝ የነደፈችውን ቦታ በእጁ ወዲያው እያገኘ «አፍንጫህን ጠቁም» ሲሉት ሲያቅተው... እነዚህን ያመጣው ከዘመኑ ሐኪሞች ጽሑፍ ነው። ጥያቄው ግን አንጎልን የሚያጠናው ሰው ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚያጠና ማወቅ አለበት ወይስ የለበትም ነው። «ማወቅ»ን ጭንቅላት ውስጥ ያለ መግለጫ ብቻ አድርገህ ከጀመርክ የኪቦርዱን ዓይነት ዕውቀት አታገኘውም፤ ልትፈልገውም አትነሣም። ባዮሎጂስቱ ቫሬላ በ1996 የአንጎል መለኪያና የሠለጠነ የልምድ ገለጻ ጎን ለጎን ይሂዱ ብሎ ያቀረበው ለዚህ ነው።

ሜሪላንድ_ነዋሪ፦

ዘግይቼ ገባሁ። ሰውነት ላይ ከደረሳችሁ የማርቲኒኩን ጥቁር ሐኪምና ጸሐፊ ፋኖንን አትዝለሉት። በ1952 መጽሐፉ ውስጥ ስለ ጥቁር ሰው የኖረ ልምድ የሚያወራ ምዕራፍ አለ። ፈረንሳይ ውስጥ ነጭ ሕፃን ጣቱን ቀስሮበት «እማ፣ ኔግሮውን እዪው፣ ፈራሁ» ይላል። የሜርሎ-ፖንቲ ሰውነት ዝም ብሎ ዓለም ላይ የሚሠራ ነው፤ ፋኖን ግን የእኔ ሰውነት በሌላው ዓይን ተሰብስቦ ተመልሶ ይሰጠኛል፣ ዝም እንዲል አይፈቀድለትም ይላል። አገር ቤት ሳለሁ ገላዬ ቀለም እንዳለው ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር፤ እዚህ ሱቅ ስገባ ጥበቃው ዓይን ውስጥ ነው ያገኘሁት። ያንን ምዕራፍ ሳነብ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

ሰፈርተኛው፦

ከዚህ ክር ውስጥ የገባኝ ይኼኛው ነው።

የሌሊት_ተረኛ፦

ሁላችሁም ተባረኩ። አንድ የቀረኝ አለ፤ ምዕራፍ ሦስት ላይ «የሁሰርል ገላጭ ፌኖሜኖሎጂ» ልበል ወይስ «የሃይደገር ተርጓሚ»? ፎርማቱ አንዱን እንድመርጥ ያዛል። ገላጩን ከመረጥኩ «ቀድሞ የማውቀውን በቅንፍ አስገብቻለሁ» ብዬ መጻፍ አለብኝ። እኔ ደግሞ እዚያው ክፍል በተረኛነት እሠራለሁ። ማሽኑ ሲጮህ እኔ ነኝ የምሮጠው። ምኑን አስገባዋለሁ?

ሲስተር_ማ፦

ታዲያ አታስገቢው፤ ተርጓሚውን ምረጪ። ሃይደገር ማንም ከአንድ ቦታ ቆሞ ነው የሚረዳው ይላል፤ ያንቺ ቦታ ደግሞ የታወቀ ነው። ቦታሽን በግልጽ ጻፊ፦ ነርስ ነኝ፣ ክፍሉን አውቀዋለሁ፣ ሰዎቹ እኔን ሲያዩ መርፌ የያዘች ልጅ ነው የሚያዩት። ከተቻለ አንቺ በማትሠሪበት ቀን አናግሪያቸው።

«በቅንፍ አስገብቻለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር እኮ በየቴሲሱ ተቀድቶ የመጣ ነው። ዳን ዛሃቪ የሚባል ዴንማርካዊ ፈላስፋ የእኛን መስክ ሰዎች፣ እነ ቫን ማነንን ሳይቀር፣ በ2019 በጽሑፍ ተችቷል። ኤፖኬ የሁሰርል ትልቅ የፍልስፍና ሥራ ነው፤ ነርስም ሳይኮሎጂስትም ለጥናታቸው አያስፈልጋቸውም፣ ያለ እሱ ከፌኖሜኖሎጂ የሚወስዱት ሞልቷል ነው የሚለው። ሰውነት፣ ጊዜ፣ ቦታ፣ ሌላው ሰው... እነዚህን መነጽር አድርጊ።

የኔታ_ሎጂክ፦

ዛሃቪ ላይ ከሲስተር ጋር ነኝ፤ «ተርጓሚ» እና «ገላጭ» ተብሎ በሁለት ሣጥን መከፈሉን ግን አልወደውም። ሁሰርልም በመጨረሻ ዘመኑ፣ በ1936 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሳይንስ ሁሉ የሚነሣበት የኖርንበት ዓለም አለ ብሎ ወደ ታሪክና ወደ ጋራ ኑሮ ዞሯል። ፎርማቱ ካስገደደሽ ምረጪ፤ ፈታኝ ከጠየቀሽ ግን ልዩነቱ ፎርማቱ እንደሚለው የተቆረጠ እንዳልሆነ ንገሪው።

ጊዜን በተመለከተ አንዲት ነገር ልጨምር። ሁሰርል ዜማ ስንሰማ ያለፈው ድምፅ ገና ሳይለቀን፣ የሚመጣው ቀድሞ ተዘርግቶ፣ አሁን የምንለው በሁለቱ መሐል የወፈረ ነው ይላል። በማሽን ላይ የሚያልፈውን አራት ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ በሁለት ዲያሊሲስ መሐል ያለውን ቀን በዚህ መንገድ አዳምጪው። የሚጠበቀው ምን ያህል ርቆ ነው የተዘረጋው? እስከ ሠርግ? እስከ ሐሙስ?

ባይት_በባይት፦

አሁንም አልተሸነፍኩም፤ ግን አንድ መጽሐፍ ላንብ። ሁሰርልን ከየት ልጀምር?

የኔታ_ሎጂክ፦

ከሁሰርል አትጀምር። ለኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ስለ ፌኖሜኖሎጂ አጭር መግቢያ እንዲጽፍ ተጠይቆ በ1927 ከሃይደገር ጋር ሊጽፈው ሞከረ፤ ረቂቁ ላይ አልተግባቡም፣ ሁሰርል ብቻውን ጨረሰው። አጭሩ ነገር ይህን ያህል ካጣላ ረጅሙን አስበው። የዛሃቪን ትንሿን መግቢያ ወይም የሮበርት ሶኮሎቭስኪን የ2000 መጽሐፍ ያዝ። ከዚያ ሜርሎ-ፖንቲን ከሰውነት ክፍል ክፈተው፤ መቅድሙን ለመጨረሻ አቆየው።

ሲስተር_ማ፦

የሌሊት_ተረኛ፣ አንቺ ደግሞ ከሶኮሎቭስኪ በፊት የሥነ ምግባር ፈቃድሽን ጨርሺ። ቃለ መጠይቁ ስለተቀየረ አዲሱን ቅጽ ከማመልከቻው ጋር አያይዘሽ እንደገና ማስገባት አለብሽ። ኮሚቴው ከተሰበሰበ በኋላ ካመጣሽው ቀጣዩን ስብሰባ ትጠብቂያለሽ።

የሌሊት_ተረኛ፦

ነገ ጠዋት ከተረኛነት እንደወጣሁ አስገባለሁ። ሲስተር፣ አዲሶቹን ጥያቄዎች በውስጥ መስመር ልልክልሽ?

ሲስተር_ማ፦

ላኪው። «ምን ይሰማዎታል» የሚል ካገኘሁ ግን እኔም ቀይ እስክሪብቶ አለኝ።